ሚራ በስሜን ሰማይ
ስለ አንድ ተለዋዋጭ ግዙፍ ኮከብና ስለ ጓደኛው ለደባርቅና ለዳባት ታዳሚዎች የተዘጋጀ ዲስኩር



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ኮከብ ነው። ስሙ ሚራ ይባላል። ስፍር ቁጥር ከሌለው ኮከብ መካከል እሱን የመረጥሁት፣ ለዚህ አገር ሰው የተመቸ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ደባርቅ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሚራ ከአናት ብዙም ሳይርቅ፣ ከአድማስ 74 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ማታ ማታ የሚታየው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ነው፤ ሰማያችን ንጹሕ በሚሆንበት ወቅት ማለት ነው። የአውሮፓ ተመልካቾች በእነዚያ ወራት በደመና ይማረራሉ። እኛ ያለብን ውርጭ ነው። የስሜን ውርጭ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ሰማይ አይሸፍንም፣ ለእሱም ጋቢ አለ።

የዚህ ኮከብ ጠባይ እንዲህ ነው። ለወራት በዓይን አይታይም። ከዚያ በነበረበት ቦታ ደብዘዝ ብሎ ብቅ ይላል፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደምቃል፣ በአካባቢው ካሉት ከዋክብት ጋር ይተካከላል ወይም ይበልጣቸዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይከስምና ይጠፋል። ዙሩ በአማካይ 332 ቀን ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎች የከዋክብትን ድምቀት በደረጃ ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከቡ ይደምቃል፤ በጨለማ ሌሊት ጤነኛ ዓይን እስከ 6ኛ ደረጃ ያያል። ሚራ ሲደምቅ አብዛኛውን ጊዜ 3ኛ ደረጃ አካባቢ፣ አንዳንዴም 2ኛ ደረጃ ይደርሳል። ሲከስም 9ኛ ደረጃና ከዚያ በታች ይወርዳል። ይህ በብርሃን መጠን ሲሰላ የብዙ መቶ እጥፍ ልዩነት ነው፤ በአንዳንድ ዙርም ከሺህ እጥፍ ያልፋል። ፀሐያችን ከዓመት ዓመት የምትለዋወጠው ከመቶ አንድ እጅ ለማይሞላ መጠን መሆኑን ስናስብ፣ እንዲህ ያለ ፀሐይ ሥር ባለመፈጠራችን ማመስገን ይገባናል።

ይህን መጀመሪያ መዝግቦ ያስቀረልን ዴቪድ ፋብሪሲየስ የሚባል በጀርመን ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በፍሪስያ የነበረ የገጠር ቄስ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1596 ነሐሴ ነበር። በእኛ በኩል አፄ ሠርፀ ድንግል የሚነግሡበት የመጨረሻው ዘመን ነው፤ እሳቸው እዚሁ ስሜን ተራሮች ላይ ሲዘምቱ የኖሩ ንጉሥ ናቸው። ፋብሪሲየስ ይከታተለው ከነበረ ፕላኔት አጠገብ አንድ ኮከብ አየ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኮከቡ ደመቀ፣ በጥቅምት ደግሞ ጠፋ። ለአፍታ ታይቶ የሚጠፋ አዲስ ኮከብ መሰለውና ተወው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1609 ግን ያው ኮከብ እዚያው ቦታ ላይ ነበር። የዚህን ቄስ መጨረሻ ልንገራችሁ፦ በ1617 በስብከቱ ላይ የዝይ ሌባ ብሎ ያነሳው ምእመን በአካፋ መትቶ ገደለው ይባላል። ኮከቡ ተመልሶ የሚመጣ መሆኑን ያየው ሰው ዙሩን ሳያውቅ ሞተ።

ዙሩን ያወቀው ሆላንዳዊው ዮሐንስ ሆልዋርዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1638። ያን ጊዜ አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ገና ሁለት ዓመት ነበር። ሆልዋርዳ ኮከቡ በ11 ወር ገደማ እየተመለሰ እንደሚደምቅ አሳየ። በ1662 የዳንዚጉ ዮሐንስ ሄቬሊየስ በመጽሐፍ ጻፈለት፣ ሚራ የሚለውን ስምም እሱ አጸናለት። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከአርስቶትል ጀምሮ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያምነው ከጨረቃ በላይ ያለው ዓለም አይለወጥም፣ አይጨምርም፣ አይቀንስም ብሎ ነበር። አሁን ግን ከከዋክብቱ አንዱ በየ11 ወሩ ሲሞላና ሲጎድል ተገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ግሪኮች ተረት ልውሰዳችሁ፤ ሚራ ያለበት የሰማይ ክፍል በእነሱ ዘንድ የኢትዮጵያ ጉዳይ ነውና። ሴፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ካሲዮፔያ ንግሥት፣ አንድሮሜዳ ልጃቸው ናት። ንግሥቲቱ በውበት ስለኮራች የባሕሩ አምላክ ተቆጣና አውሬ ላከ። ልጅቱ ለአውሬው እንድትሰጥ ከቋጥኝ ጋር ታሰረች፤ ፐርሲየስ ደርሶ አዳናት። ሁሉም ሰማይ ላይ ወጡ፤ አውሬውም ሳይቀር። ያ አውሬ ዛሬ ዓሣ ነባሪው፣ ሲተስ የምንለው የከዋክብት ስብስብ ነው፤ ሚራ ያለው እሱ አንገት ላይ ነው። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ከዛሬዋ አገራችን ጋር ወሰን ለወሰን አትገጥምም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እዚህ ያላችሁ የታሪክ መምህራን አትምሩኝም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ተረቱ አይደለም። ከዋክብት እንደሚለወጡ የሰው ልጅ የተማረው በብዛት ከዚሁ ቤተሰብ መሆኑ ነው። በፐርሲየስ ውስጥ አልጎል የሚባል ኮከብ አለ፤ በየሦስት ቀኑ ገደማ ለሰዓታት ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1783 ጆን ጉድሪክ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት፣ መስማት የተሳነው፣ ዕድሜው 18 ዓመት፣ ምክንያቱ አንድ አካል በፊቱ እያለፈ ስለሚጋርደው ይሆናል አለ። ትክክል ነበር፤ አልጎል ጥንድ ኮከብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ልጅ በንጉሡ በሴፌዎስ ውስጥ ሌላ ተለዋዋጭ ኮከብ አገኘ፣ በ21 ዓመቱም ሞተ። ከዚያ ኮከብ ስማቸውን የወሰዱት ሴፌይድ የሚባሉ ተለዋዋጮች ናቸው። ሄንሪዬታ ሌቪት በ1912 የሴፌይዶች የዙር ርዝመት ከእውነተኛ ድምቀታቸው ጋር እንደሚሄድ አሳየች፤ ኤድዊን ሀብል በ1923 በአንድሮሜዳ ውስጥ አንድ ሴፌይድ አግኝቶ ያ የጉም ቁራጭ የሚመስለው ነገር ራሱን የቻለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑን አረጋገጠ። ጉድሪክ ቴሌስኮፕ ሠርቶ አይደለም እዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው። ዓይኑና መዝገቡ ናቸው ያስገቡት።

ስለ አንድሮሜዳ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለአንድ አንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጡ ባደረገው ዘመቻ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ በዚሁ በአንድሮሜዳ ውስጥ ነው። ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ። ስሞቹ ያምራሉ። ስም ማውጣት ግን ቀላሉ ሥራ ነው።

ወደ ሚራ እንመለስ። ሚራ የሚለዋወጠው እንደ አልጎል ጋራጅ ስላለው አይደለም፤ ራሱ ስለሚተነፍስ ነው። ክብደቱ ከፀሐያችን ብዙም አይበልጥም፣ ዕድሜው ግን እጅግ ገፍቷል። በመሀሉ ያለውን ሃይድሮጂን አቃጥሎ ጨርሷል፣ ሂሊየሙንም እንዲሁ፤ በውስጡ የቀረው የካርቦንና የኦክስጅን እምብርት ነው፣ በዙሪያው ደግሞ ቀጭን የሚነድ ሽፋን አለ። ውጫዊ አካሉ ተነፍቶ ተነፍቶ በፀሐይ ቦታ ብናስቀምጠው ምድራችንን ውጦ እስከ ማርስ ምህዋር ይደርሳል። ቆዳው ስለቀዘቀዘ ይቀላል፤ የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የእሱ ከ3 ሺህ በታች ነው።

እንዲህ የተነፋ አካል አይረጋም። የሚፈላ ድስት ክዳን አስቡ። ክዳኑ እንፋሎቱን ያፍናል፤ ግፊቱ ሲበረታ ክዳኑ ይነሳል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ክዳኑ ይመለሳል፣ እንደገና ያፍናል። በሚራ ውስጥ ክዳኑ ሃይድሮጂኑ ራሱ ነው። ሽፋኑ ሲታመቅና ሲሞቅ ከውስጥ የሚመጣውን ኃይል አላሳልፍ ይላል፤ የታፈነው ኃይል ሽፋኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፣ ኃይሉ ሾልኮ ይወጣል፣ የተነሳው ሽፋን በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወድቃል። ይህ አንድ ጊዜ ደርሶ ሲመለስ 332 ቀን ነው።

ነገር ግን መስፋትና መጥበብ ብቻውን የብዙ መቶ እጥፍ ልዩነት አያመጣም፤ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፣ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ሚራ ሰፍቶ ሲቀዘቅዝ በከባቢ አየሩ ውስጥ ታይታኒየም ከኦክስጅን ጋር ይገናኛል። በዚህ የሚፈጠረው ታይታኒየም ኦክሳይድ ለዓይናችን የሚታየውን ብርሃን በኃይል ይውጣል። የግድግዳ ነጭ ቀለም የሚሠራበት ነገር የቅርብ ዘመድ ነው፤ እዚያ ግን የሚሠራው ማጥቆር ነው። ኮከቡ ተመልሶ ሲጠብና ሲሞቅ ውሕዱ ይፈርሳል፣ ብርሃኑም ይለቀቃል። ለዓይን በማይታየው የሙቀት ብርሃን ሲለኩት የሚራ ለውጥ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ጠፋ ስንል ዓይናችን አጣው ማለታችን ነው፤ እሱ እዚያው ይነዳል።

ሚራ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1918 በካሊፎርኒያው የማውንት ዊልሰን መመልከቻ አልፍሬድ ጆይ ብርሃኑን በትኖ ሲያይ፣ በከሰመበት ጊዜ ከቀዝቃዛ ቀይ ኮከብ የማይጠበቅ ምልክት አየ፤ አንድ ሞቃት ነገር አጠገቡ አለ አለ። በ1923 ሮበርት አይትከን በሊክ መመልከቻ ታላቅ ቴሌስኮፕ ጓደኛውን በዓይኑ አየው። በ1995 የሀብል ጠፈር ቴሌስኮፕ ሁለቱን ለያይቶ ፎቶ አነሳ። ጓደኛው ነጭ ድንክ ኮከብ ነው ተብሎ ይታመናል፤ የምድርን ያህል መጠን ውስጥ የአንድ ፀሐይን ትልቅ ድርሻ ያጨቀ የሞተ ኮከብ እምብርት። እሱም በጊዜው ግዙፍ ነበር፤ አሁን ሚራ የሚሄድበትን መንገድ ቀድሞ ጨርሷል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከፀሐይ እስከ ኔፕቱን ካለው ከእጥፍ በላይ ነው፤ አንዱ ሌላውን ለመዞር 500 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ቄስ ፋብሪሲየስ ኮከቡን ካየ ወዲህ አንድ ዙር እንኳን አልጨረሱም።

ግዙፉ እየተነፈሰ ጋዙንና አቧራውን ወደ ጠፈር ይበትናል፤ ድንኩ ከተበተነው የሚደርስበትን ይለቅማል፣ በዙሪያው ሰብስቦ ያሞቀዋል፣ በዚህም ምክንያት ብርሃኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይንቀጠቀጣል። የተቀረው ጋዝ ወደ ኋላ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጋሌክስ የሚባለው የአልትራቫዮሌት ቴሌስኮፕ ሚራን ሲያይ ማንም ያልጠበቀው ነገር አገኘ፤ ኮከቡ 13 የብርሃን ዓመት የሚረዝም ጭራ አለው። 30 ሺህ ዓመት ሲያፈስ የኖረው ጋዝ ነው። ሚራ በሰከንድ 130 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ ከደባርቅ ጎንደር ያለውን መንገድ በአንድ ሰከንድ ጨርሶ ይተርፈዋል። በዚያ ጭራ ውስጥ ካርቦንና ኦክስጅን አለ፤ ወደፊት ለሚፈጠሩ ከዋክብትና ፕላኔቶች መሠሪያ ይሆናል። የእኛም ካርቦን የመጣው ሚራን ከመሳሰሉ አሮጌ ከዋክብት በብዛት ነው፤ ፀሐያችን ራሷ ከቢሊዮኖች ዓመታት በኋላ ወደዚህ ትደርሳለች። የሚራ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 300 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በመጪው በጋ የምታዩት ብርሃን አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር በነበሩበት ዘመን ገደማ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እኛ የቁጥር ሕዝብ ነን። የአብነት ተማሪ በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ በጣቱ አውጥቶ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ለሺህ ዓመት ይነግራችኋል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው፤ ስለ ብርሃናት የሚናገረው ክፍሉ የፀሐይንና የጨረቃን በሮች፣ የቀንና የሌሊትን ርዝመት እየሰፈረ ያስቀምጣል፤ ከዋክብት ሥርዓታቸውን የሚለውጡት በኃጢአተኞች ዘመን እንደሆነም ይናገራል። በዚህ እንኮራለን፣ መኩራትም ይገባናል። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው እንጂ ምልከታ አይደለም። ስሌቱ እጅግ ከመስመሩ የተነሳ የሚያሰላው ሰው ቀና ብሎ ጨረቃን ማየት አያስፈልገውም። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል ሰማይን ቆጥረን ቆጥረን መመልከቱን የተውነው።

ሚራ ለስሌት አይገዛም። 332 ቀን አማካይ ነው፤ ድምቀቱ በሳምንታት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። የሚደርስበት ደረጃም ከዙር ወደ ዙር ይለያያል፤ በአንዱ ዙር 2ኛ ደረጃ ይደርሳል፣ በሌላው 4ኛ ላይ ቆሞ ይመለሳል። የዚህ ዓመቱ ምን ያህል ነበር ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚኖረው ያየና የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

በዚህ አገር ሰማዩን እየተመለከቱ የጻፉ ሰዎች ነበሩ፤ እንግዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ተጓዡ ጀምስ ብሩስ በሊማሊሞ አቀበት በኩል ወደ ጎንደር ሲያልፍ ኳድራንት የሚባል ከባድ የማዕዘን መለኪያና ቴሌስኮፖች አሸክሞ ነበር፤ ሲመለስም የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂዎች ይዞ ሄደ። ከእሱ በኋላ አንቷን ዳባዲ መጣ። ከ1838 እስከ 1848 ከተራራ ተራራ እየወጣ፣ ስሜንንም ጨምሮ፣ ማዕዘን እየለካ የአገራችንን ካርታ ሠራ። አገሩ ሲገባ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር፣ ሄንዳይ ላይ፣ በግድግዳው አማርኛ የተጻፈበት ቤተ መንግሥት አቆመ። ያን ቤት ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ ያስገባቸው ግዴታ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲያዘጋጁ ነበር። ተራሮቻችን ላይ የለመደውን ልኬት እስከ ኑዛዜው ይዞት ሄደ። እነሱን አልወቅስም። ያዩትን ጻፉ፤ የጻፉትም ቀረ።

እነዚህ ባለጸጎች ነበሩ፣ እኛ ግን ከየት እናመጣለን የሚል ካለ፣ ሌስሊ ፔልቲየር የሚባል የኦሃዮ ገበሬ ልጅ ላንሳለት። ቴሌስኮፕ አማረው፤ አባቱ እርሻ ላይ 900 እቃ እንጆሪ ለቅሞ፣ በእቃ 2 ሳንቲም እየተከፈለው፣ በ18 ዶላር አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ገዛ። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ እስኪሞት ለተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ከ130 ሺህ በላይ ምልከታ ላከ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበረውም። ከተከታተላቸው አንዱ የሚራ ዘመድ የሆነ ጥንድ ነው፤ በሰሜን አክሊል ውስጥ ያለ፣ ቲ ኮሮኔ የሚባል። እዚያም ቀይ ግዙፍና ነጭ ድንክ አሉ፤ ግን ተቀራርበው ስለሚኖሩ ድንኩ ከግዙፉ የሚስበው ሃይድሮጂን በላዩ ተከምሮ በ80 ዓመት ገደማ አንዴ ይፈነዳል፣ ከ10ኛ ደረጃ ወደ 2ኛ በሰዓታት ውስጥ ይዘላል። በ1866 አንዴ ፈንድቷል። ፔልቲየር ዳግመኛ ይፈነዳል ብሎ 25 ዓመት ጠበቀው። በየካቲት 1946 አንድ ሌሊት ሊያይ ከእንቅልፉ ነቃ፣ ጉንፋን ሊይዘው መሰለውና ተመልሶ ተኛ። ኮከቡ በዚያች ሌሊት ፈነዳ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዓለም ተመልካቾች ቀጣዩን ፍንዳታ በንቃት እየጠበቁ ነው።

ሥራው ይህን ያህል ቀላል ነው። በገና ሰሞን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ ደቡብ ዞራችሁ ቀና በሉ። መጀመሪያ ሰባቱን ከዋክብት ፈልጉ፤ ከእነሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትወርዱ መንካርን ታገኛላችሁ፣ እሱም 2.5ኛ ደረጃ ነው። አጠገቡ ጋማ ሴቲ አለ፣ 3.5ኛ። ከዚያ ዴልታ ሴቲ፣ 4.1ኛ። ቀጥሎ ሚራ፣ ቀላ ያለው። ከመንካር ያንሳል ከጋማ ይበልጣል ካላችሁ፣ በመካከላቸውም እኩል ከሆነ፣ 3.0 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ቀይ ኮከብ ላይ ሲፈጥጡበት ለዓይን እየደመቀ ይሄዳልና አፍጥጣችሁ አትዩት፣ ገረፍ አድርጋችሁ እለፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያወዳደራችሁበትን ኮከብ፣ ጨረቃ ነበረች አልነበረችም የሚለውን ጻፉ። ሲከስም ባይኖኩላር ያለው ሰው ይቀጥላል። ይህን የሚቀበል እ.ኤ.አ. በ1911 የተቋቋመ የአሜሪካ ተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር አለ፤ ከዓለም ዙሪያ የሰበሰበው ምልከታ ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው። ምልከታውን ለመቀበል ዲግሪ አይጠይቅም።

ማን ይሥራው ከተባለ፣ በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ሰፈሮች ከእንግዳ ጋር የሚያድሩት ስካውቶች ከማንም ቀድመው ይመጡብኛል። ሳንቃበር ከፍታው ከእንጦጦ መመልከቻ ጋር የሚተካከል ነው፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ናቸው። እንጦጦ ላይ መስታወታቸው 1 ሜትር የሚሰፋ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፣ የአገራችን ኩራት ናቸው፤ ከሥራቸው ግን የአዲስ አበባ መብራት በየዓመቱ እየበረታ ነው። ለወደፊቱ ታላቅ ቴሌስኮፕ በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ተራሮች የተጠኑት ጨለማ ስለተፈለገ ነው። እናንተ ያ ጨለማ አላችሁ፤ የምትጠብቁት ግን አይመስለኝም። የደባርቅና የዳባት የመንገድ መብራቶች፣ የሎጆቹም አምፖሎች፣ ክዳን ተደርጎላቸው ብርሃናቸው ወደ መሬት ብቻ ቢወርድ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ሰማዩም ይተርፋል። ይህን ለከተማ አስተዳደሮቹ በዚህ አጋጣሚ አሳስባለሁ። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም አለን፤ ቴሌስኮፕ እስኪገዛ ድረስ ደብተር መክፈት ይችላል።

ስለ ጊዜው ልናገርና ላብቃ። የሚራ ዙር ከዓመት በ33 ቀን ስለሚያንስ ድምቀቱ በየዓመቱ በአንድ ወር ገደማ እየቀደመ በ11 ዓመት ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ ለዓመታት ወይ ክረምት ላይ ይወድቃል፣ ወይ ፀሐይ ትጋርደዋለች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሲደምቅ እዚህ ደመና ነበር፤ ደመናውም ባይኖር በዚያ ወር ጦርነት ስለነበር በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ኮከብ የሚያይበት ልብ የነበረው ሰው አልነበረም። አሁን ግን ተራው ወደ በጋ እየመጣ ነው። በአማካዩ ቆጠራ በ2019 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ፣ በ2020 ታኅሣሥ፣ በ2021 ኅዳር፣ በ2022 ጥቅምት ገደማ ይደምቃል፤ አራት በጋ በተከታታይ።

በ2019 የከተራ ማታ ሕዝቡ ከታቦቱ ጋር ደጅ ያድራል። ጨረቃዋ ደማቅ ብትሆንም ሚራ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሰማይ ላይ ይቆያል፣ ወደ ድምቀቱም እየወጣ ይሆናል። መምህራን፣ ከመስከረም ጀምራችሁ ልጆቹን አለማምዱልኝ። በዚያ ማታ ከደባርቅ አንድ፣ ከዳባት አንድ፣ ከሳንቃበር አንድ ቁጥር ተጽፎ ይደር።